ኅዳር የሌለበት ዓመት

ትርንጎ ቢያዝን ስትቆጣ ከአፏ በፊት ቅንድቧ ነው የሚናገረው። መዝሙርም መጀመሪያ የተዋወቀው ከቅንድቧ ጋር ነው፤ ያውም በካሜራው ውስጥ።

ሐምሌ ነበር። ጎንደር አራዳ ላይ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አንሸራቷቸው ጭቃው ውስጥ ወደቁ። መንገደኛው ሁሉ «እኔን! እኔን!» እያለ ያልፋል። እኔን ማለት ምን ይከብዳል? ትርንጎ ግን ከምትሠራበት የጥልፍ ቤት ውሃ በጆግ ይዛ ወጣች። ሽማግሌውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ እግራቸውን አጠበች፤ ጭቃ የጠጣውን ጋቢያቸውን ጨምቃ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው። ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ አንድ ረጅም ወጣት ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ካሜራውን ወድሮ ቆሟል።

ጆጉን እንደያዘች መንገዱን ተሻገረች።

«አንተ! ጠይቀሃል?»

«ምኑን?»

«ሰውየውን። ላንሳዎት ወይ ብለህ ጠይቀሃል?»

መዝሙር ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ብዙ ፊት አስፈትቶለት ያውቃል። «እህቴ፣ እኔ ክፉ ነገር አላነሳሁም። ያነሳሁት ደግነትሽን ነው። ሰው አይቶ ይማርበታል።»

«የእኔን ደግነት ስታሳይ የእሳቸውን መውደቅ አብረህ ታሳያለህ። እኔን 'ተባረኪ' ይሉኛል፤ እሳቸውንስ ምን ይሏቸዋል? ልጅ የላቸውም? አማች የላቸውም?»

መዝሙር ፈገግታውን ሰበሰበና ካሜራውን አዙሮ ምስሉን አሳያት። ሸጋ ምስል ነበር፤ ይህን እሷም አልካደችም። ከዚያ ዓይኗ እያየ አጠፋው።

«ሁለተኛ ሳልጠይቅ አላነሳም» አለ።

«ማልህን?»

«ማልሁ።»

ትርንጎ ጆጓን ይዛ ተመለሰች። ተሳስተሃል ሲባል የሚከራከር ወንድ አይታለች፤ የሚሳደብም አይታለች። ወዲያው የሚታረም ግን ያን ቀን ነው ያየችው። ልቧ የሄደውም በመልኩ ወይም በቁመቱ አይደለም፤ ያችን ፎቶ ሲያጠፋ ነው።

በሳምንቱ መዝሙር ቁልፍ የተበጠሰ ሸሚዝ ይዞ ጥልፍ ቤቱ መጣ።

«እዚህ የሚሠራው ጥልፍ ነው» አለችው ትርንጎ። «ቁልፍ የሚተክል ልብስ ሰፊ ማዶ አለልህ።»

«የማዶው ቅንድቡን አይቋጥርም።»

አብራት የምትሠራውና ቤት ተጋርታ የምትኖረው ምንዳዬ መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች። ቁልፉ ተተከለ። በሌላው ሳምንት ደግሞ የእጅጌው ቁልፍ ተበጠሰ። ምንዳዬ ክሩን ብርሃን ላይ አንስታ አየችና፣ «ይህስ በመቀስ ነው የተበጠሰው» አለች። መዝሙር እስከ ጆሮው ቀላ። ትርንጎም ቅንድቧን ልትቋጥር ሞክራ አልሆነላትም።

እንዲህ ተጀመረ። መዝሙር ከአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት የጉርድ ፎቶ እያነሳ የሚኖር፣ ልቡ ግን መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ወደ ጎሃ ዳገት አብረው ይወጣሉ። ሰው ሲያገኝ ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል፤ እንቢ ያለውን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል፤ እሺ ላለው ደግሞ ፎቶውን አሳጥቦ ቤቱ ድረስ ይወስድለታል። ካሜራ ሳይዝም አንድ ነገር አትኩሮ ሲያይ ግራ ዓይኑን ጨፈን የማድረግ አመል ነበረው።

«አሁን ደግሞ እኔን ልታነሳ ነው?» ትለዋለች።

«አንቺን ላለማንሳት ነው የምታገለው።»

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ተቀምጠው፣ ደግ ሰው ሲያይ እጁ ለምን እንደሚቸኩል ነገራት። እናቱ የሞተችው እሱ ገና ጡት ሳይጥል ነው። ያሳደገችው አንዲት የጎረቤት ሴት ናት፤ ዘመድ አይደለችም፤ ልጆቿ ሲራቡ እሱን የምታበላ ሴት። እሷም ሞተች። «አንድ ፎቶ የላትም» አለ። «ፊቷን እየረሳሁት ነው፣ ትርንጎ። ደግ ሰው ሲያልፍ ዝም ብሎ ማየት አልችልም።» ትርንጎ እጁን ያዘችው።

እሱን ከማወቋ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የተወለደችበት ኮሶዬ ላይ አባቷ አያ ቢያዝን ገደል አፋፍ የቀረች ላም ሊመልሱ ሲሉ ተንሸራተው ወድቀው ነበር። ጎንደር ሆስፒታል ራሳቸውን ሳያውቁ ተኝተው ሳለ፣ እናቷ እታገኘሁ ለሚካኤል ተሳለች። «ይህን ሰው ብታተርፍልኝ፣ በኅዳር ቀንህ ከነዳያንህ ጋር ቁጭ ብዬ እለምናለሁ፤ ያገኘሁትንም ለእነሱ እሰጣለሁ» አለች። እታገኘሁ የማንንም ደጅ የማትጠና፣ ጎተራዋ የማይጎድል ሴት ናት። ጃንጥላ ወይም ሙክት ብትሳል ማን ይከለክላታል? እሷ ግን የሚከብዳትን መርጣ ተሳለች።

አያ ቢያዝን ድነው ቤታቸው ገቡ። ስለቱን አልነገረቻቸውም። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው በእሳቸው ነፍስ እጇን ዘርግታ መለመኗን ቢሰሙ መዳናቸው ራሱ ይመራቸዋል። ምስጢሩን የምታውቀው ትርንጎ ብቻ ነበረች።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እታገኘሁ «ልጄን ልጠይቅ» ብላ ጎንደር ወረደች። ትርንጎ ያረጀ ነጠላ አልብሳ፣ እስከ ዓይኗ አከናንባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ሸኘቻት። «ስታልፊ እንዳላየሽኝ ሁኚ» አለቻት እናቷ።

ትርንጎ ለነዳያኑ ዳቦ እያደለች መጣች። እንዳላየች ልትሆን ቆርጣ ነበር። ነገር ግን እናቷ ሁለት እጇን ዘርግታ በማታውቀው ቀጭን ድምፅ «ስለ ሚካኤል» ስትል ሰማች። ለሠራተኛ፣ ለእንግዳ፣ ለመንገደኛ ስትሰጥ የኖረች እጅ ናት። ትርንጎ ዳቦውን ሰጥታ አጎነበሰችና የእናቷን ጉልበት ሳመች።

«ሂጂ ልጄ» አለቻት እናቷ በሹክሹክታ። «ሰው ያየናል።»

ሰውማ አይቷቸዋል። መዝሙር የበዓሉን ሕዝብ ሊያነሳ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር።

ማታ ሲገናኙ አንድ ነገር ከአፉ ደርሶ የሚመለስበት መሰለ። «ዛሬ ሚካኤል ሄደሽ ነበር?» አላት።

«ሄጄ ነበር» አለችና ቶሎ ብላ ወሬ ለወጠች። የእናቷ ስለት ነው፤ ለሱም ቢሆን አይነገርም። እሱም አልደገመም። የእሷ ዝምታ የሌላ ሰው አደራ ነበር። የእሱ ግን የራሱ ነው።

ግንቦት ላይ መዝሙርን ወደ ኮሶዬ ወሰደችው። ለጊዜው «ጓደኛዬ ነው» ነበር የተባለው፤ ይሁንና ጓደኛን ማንም እናት አገላብጣ እንዲያ አታየውም። አያ ቢያዝን ስለ ገብሱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ከብቱ አወጉት። እሱም አንድ አላዋቂነት ሳያሳይ ሰማ። ምሳ ሲቀርብ እታገኘሁ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። እጅጌዋን ሰብሰብ ስታደርግ ከአንጓዋ በላይ የተነቀሰችው መስቀል ታየ፤ ልጅ ሳለች እሳት ነክቷት የመስቀሉ አንዱ ክንፍ ጠፍቷል።

መዝሙር ውሃው ሥር እጁን ረስቶ ቀረ። ውሃው ከመዳፉ ሞልቶ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

«ምነው ልጄ፣ በረደህ እንዴ?» አለችው እታገኘሁ። «የኮሶዬ ውሃ እንግዳ አያውቅም።»

«አይ... ደህና ነኝ፣ እናቴ» አለ።

ያን ቀን ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣም። አያ ቢያዝን ራሳቸው «እስቲ ከነበሬዎቼ አንሳኝ» ቢሉት እንኳ፣ «ዛሬ እንግዳ ነኝ፣ አያ ቢያዝን፤ ሌላ ጊዜ» አላቸው። ትርንጎ ይህን አይታ ኮራች። ወላጆቼን አክብሮ ነው አለች በልቧ። ስንት ነገር ነው ሰው በፍቅር የሚተረጉመው! ሲሄድ አያ ቢያዝን፣ «ሸጋ ልጅ ነው፤ ዓይነ አፋር ነው እንጂ» አሉ። ይህ በእሳቸው አፍ ትልቅ ምርቃት ነበር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ መዝሙር ሽማግሌ ላከ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ኮሶዬ ወጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ጠላ ተቀዳ። ትርንጎ እንደ ወጉ ጓዳ ሆና በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች። ነገሩ ሳይከብድ ሄደ። ዘር ተቆጠረ፣ ዝምድና አልተገኘም፤ አያ ቢያዝንም እንደ ደንቡ ትንሽ አንገራግረው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ ከእግዜር ከሆነ» አሉ። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እልልታው ሊያመልጣት ነበር።

«ሰርጉ ጥር ላይ ይሁን» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ዳኛው። «አስተርዮ ማርያም ዘንድሮ በምን ቀን ትውላለች?»

ግድግዳው ላይ አዲስ የዓመቱ ካላንደር ተሰቅሏል። መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት ጎረቤታቸው ወለተሩፋኤል ከሹፌሮች ተቀብላ ለእታገኘሁ የሰጠቻት ነው። እታገኘሁም የመስከረሙን ገጽ አደይ አበባ ወዳ ሰቀለችው፤ ቀጣዮቹን አልገለጠችም። ወሩ ሳይደርስ ማን ይገልጣል?

አያ ዳኛው ተነሥተው መነጽራቸውን አደረጉ። መስከረምን ገለጡ። ጥቅምትን ገለጡ። ኅዳር ላይ እጃቸው ቆመ።

ትርንጎ በመጋረጃው ቀዳዳ የምታየው የሽማግሌውን ጀርባ ብቻ ነበር።

«አያ ቢያዝን» አሉ ቀስ ብለው። «ይህች... እታገኘሁ አይደለችም?»

አያ ቢያዝን ብድግ ብለው ሄዱ። ትርንጎም ወጉን ረስታ ከጓዳ ወጣች። ገጹ ሙሉ ፎቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደጅ፤ የተከናነበች ለማኝ፤ የተዘረጉ እጆች፤ እጁ ላይ አንድ ክንፍ የጎደለው መስቀል። ጉልበቷ ላይ የተደፋች ወጣት፤ ፊቷ ግማሹ ይታያል። ከሥሩ የተጻፈውን አያ ዳኛው ሳያስቡት ጮክ ብለው አነበቡት።

«ልግስና። ወጣቷ ለማታውቃት ነዳይ ጉልበት ዝቅ ስትል። የደግነት ፎቶ ውድድር አሸናፊ። ፎቶ...» አሉና ድምፃቸው ጠፋ።

ስሙን ሁሉም አየው። ሊያጩለት የመጡት ልጅ ስም ነው።

አያ ቢያዝን ወደ ሚስታቸው ዞሩ። አልጮኹም። «እታገኘሁ፣ እኔ ምን አጎደልኩብሽ?» አሉ።

«ምንም» አለች።

«ታዲያ ምነው ደጅ ተቀመጥሽ?»

«ስለት ነው።»

«የምን ስለት?»

እታገኘሁ መሬት መሬት አየች። «ያንተ ነፍስ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን አነሱ። አያ ዳኛው በሩ ላይ ቆመው «ነገሩ ይደር» ብለው ወጡ። ጠላው በየጣሳው እንዳለ ቀረ።

አያ ቢያዝን ካላንደሩን ዳግም አላዩትም። «ይሄ ወረቀት በስንት ቤት ተሰቅሏል?» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ቢያዝን ሚስቱን እያስለመነ ይበላል ሊለኝ ነው አገሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ናቀኝ፤ ቤቴ በልቶ ናቀኝ።» ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ከብቶቹ ወጡ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። እታገኘሁ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠች፣ «እኔና አንቺ ብቻ ነበርን የምናውቀው» አለች።

«ሚካኤልን እማዬ፣ አልነገርኩትም!»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ያመነች ግን አልመሰለችም። ትርንጎ ከፎቶው ይልቅ ያ ራስ መነቅነቅ አንገበገባት። ጠላት አይከዳም፤ ጠላት ምን ቃል ገብቶ ይከዳል? የሚከዳው የማለልሽ ነው። ያውም ክህደቱን በአንቺ እጅ የተሠራ ያስመስለዋል።

በነጋታው ገጹን ገንጥላ ይዛ ጎንደር ወረደች። ፎቶ ቤቱ ስትደርስ መዝሙር አንዲት ሴት ለጉርድ ፎቶ አስቀምጦ አገጯን ያቀናል። ትርንጎን አየና ፊቱ በራ፤ የሽማግሌውን ምሥራች የያዘች መስሎት ነበር። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን አየ። ሴትየዋን ይቅርታ ጠይቆ አስወጣ።

«ጠይቀሃል?» አለችው ትርንጎ።

መዝሙር ዓይኑን ከገጹ ላይ አላነሳም።

«ያን ዕለት ማታ 'ሚካኤል ሄደሽ ነበር ወይ' አልከኝ። ፎቶውን ይዘህ ነው የጠየቅኸኝ?»

«ትርንጎ፣ አንቺን ሳይ ራሴን ረሳሁ። የለማኝ ጉልበት ስትስሚ... በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። እጄ ቀደመኝ። ማታ ልነግርሽ ነበር፤ ወሬ ስትለውጪ ጽድቅሽን የምትደብቂ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ መሐላዬን ማፍረሴን እንዴት ብዬ ልናገር?»

«ደብቀህ ብታስቀምጠው አንድ ነገር ነበር። ለምን ላክኸው?»

«ፋሲካ ሰሞን ነው የላክሁት። አባትሽ ደጅ ስቆም፣ ስም ያለው ሰው ነው እንዲሉኝ ብዬ።»

«ስምህንማ አዩት» አለች። «ተነበበላቸው።»

መዝሙር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እናትሽ እንደሆኑ አላወቅሁም ነበር። እውነቴን ነው። የምር ለማኝ መስለውኝ ነበር።»

«የምር ለማኝ ብትሆንስ? ለማኝ ባል የላትም? ልጅ የላትም? ሐምሌ ላይ ጭቃው ውስጥ ቆሜ የነገርኩህ ይህንኑ አልነበረም?»

ትርንጎ አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር፤ መልሱን ስለምትፈራው እስካሁን ያቆየችው።

«መቼ ነው እናቴ መሆኗን ያወቅኸው?»

ግራ ዓይኑን ጨፈን አደረገ፤ እሷን እያየ ሳይሆን አንድ ሩቅ ነገር እያየ። «ኮሶዬ» አለ። «እጄን ሲያስታጥቡኝ።»

«ግንቦት።»

«ግንቦት።»

«ያኔ ታትሞ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም፤ ይህን ትርንጎ በኋላም አልካደችውም። «አልታተመም» አለ። «ደውዬ አስቀሩልኝ ብል ያስቀሩት ነበር። ስልኩን ስንቴ አንስቼ አስቀመጥሁት። ለምን ሲሉኝ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ለአንቺም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ካወቅሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። ዝም ስል ደግሞ ቀኑ እየሄደ... ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።»

«እናቴ በእጇ ያቀረበችልህን በላህ። አባቴ ሸጋ ልጅ ነው አሉህ። ዝም አልክ።»

«ትርንጎ፣ ሁሉንም እሰበስበዋለሁ። ያለበት ሁሉ ሄጄ...»

«አንዲት ፎቶ ስታጠፋ አይቼ ነው የወደድኩህ፣ መዝሙር» አለች። «አሁን አገር ሙሉ ብትሰበስብ ያን ቀን አትመልስልኝም።»

ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እስከ አራዳ ድረስ እያለቀሰች ሄደች፤ ሰው ያየኛል አላለችም።

ጥቅምት ለትርንጎ መራራ ወር ነበር። መርፌዋ ጣቷን ይወጋል፤ የጠለፈችውን ትፈታለች። ምንዳዬ «ብይ እንጂ» እያለች ትለምናታለች። ኮሶዬ ብትሄድ እናቷ በደንብ ትቀበላታለች፤ ያ በመካከላቸው የነበረው የጓዳ ወሬ ግን የለም። አያ ቢያዝን ገበያ መውጣት ትተዋል። ትርንጎ መዝሙርን ትረግመዋለች፤ ረግማ ሳትጨርስ ደግሞ ትናፍቀዋለች። በዚህ ደግሞ ራሷን ትጠላለች።

በወሩ ማብቂያ ወለተሩፋኤል እነ እታገኘሁ ቤት መጣች። ትርንጎም እዚያ ነበረች።

«ያ ልጅ መጣ» አለች ወለተሩፋኤል ገና ሳትቀመጥ። «ካሜራ የለው፣ ቦርሳ የለው። ደንበኛ ሁሉ ምሳ እየበላ በር ላይ ቆሞ 'ስለ ሚካኤል፣ ያችን ገጽ ስጡኝ' አለኝ። ቀድጄ ሰጠሁት። ከእኔ ቤት ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሌላው፤ እየለመነ በደባርቁ መንገድ ወጣ። የሰደቡት ነበሩ። ውሻ የለቀቁበትም ነበሩ አሉ። ለማኝ መቼ ሁሉ ይሰጠዋል?»

እታገኘሁ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች።

«በየቤቱ የሚናገረው ደግሞ አንድ ነው» አለች ወለተሩፋኤል። «'ሴትየዋ ለማኝ አይደሉም፤ ስለት ነው። ልጅቱም ምንም አልነገረችኝም፤ እኔ ነኝ ሰርቄ ያነሳሁት' ይላል። አያ ቢያዝን የበረት አጥር ሲጠግኑ አግኝቷቸው ለእሳቸውም ይህንኑ ብሏቸዋል። እግራቸው ላይ ሲወድቅ ዝም ብለው አጥራቸውን ጠገኑ።»

ወለተሩፋኤል ከሄደች በኋላ እታገኘሁ ልጇ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። «ተጠራጠርኩሽ» አለች። «ይቅር በይኝ ልጄ።» ትርንጎ እንደ ልጅነቷ ጭኗ ላይ ራሷን ጣለች። ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

ጠዋት አያ ቢያዝን ወደ በረቱ ጠሯት። «ሽማግሌዎቹ ነገሩ ይደር ብለው ነው የሄዱት» አሉ ወደ በሬዎቹ እያዩ። «እኔ ለራሴ ትቼዋለሁ። ሚስቴ በእኔ ነፍስ መለመኗ ውርደት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ። የልጁን ነገር ግን እኔ አልፈርድም። ማለ የተባለው ለአንቺ ነው። ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ቁርጡን ንገሪኝ፤ አዎ ካልሽ አዎ እላለሁ።»

ኅዳር ገባ። በመንገዱ ዳር ባሉ ብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከጥቅምት ቀጥሎ ታኅሣሥ ሆነ። ሰው የበዓል ቀን በጣቱ መቁጠር ያዘ። አያ ቢያዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ «ኅዳርን የሚያህል ወር አሳጣን!» አሉ።

በበዓሉ ቀን ሦስቱም አብረው ጎንደር ወረዱ። ዳቦውን የተሸከሙት አያ ቢያዝን ናቸው። እታገኘሁ አልተከናነበችም፤ ስለቷን አምና ፈጽማለች። ዘንድሮ ባሏ የሚይዙትን ዳቦ እየቆረሰች ለነዳያኑ ትሰጣለች። ትርንጎ ደግሞ ሌላውን መሶብ ይዛ ከሰልፉ ሌላኛው ጫፍ ጀመረች።

ወደ መሃል ስትደርስ፣ ሰውነቱን በአሮጌ ጋቢ እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ አገኘች። ዳቦውን ልትሰጠው ጎንበስ አለች። ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ ግራ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

ትርንጎ ዳቦውን እንደያዘች ቆመች።

መጀመሪያ የመጣባት ቁጣ ነው። ይህም ለእኔ እንዲታይ ነው? አለች በልቧ። ግን እሱ አልተናገረም፣ ስሟን አልጠራም። ከፊቱ በተዘረጋችው ጨርቅ ላይ የተጣለለትን ሳንቲም አጠገቡ ወዳለችው ዓይነ ስውር ሴት ጨርቅ አሻግሮ ማድረጉን ብቻ አየች። የተከናነበው እንድታውቀው ፈልጎ አልነበረም። ዓይኑ ነው ያጋለጠው፤ እሱን ማዘዝ አልቻለም።

በዚህ መሃል ከጎኗ አንድ ወጣት ስልኩን ወደ እነሱ አቅንቶ መጣ። ዳቦ የያዘች ቆንጆ ልጅ፣ እጁን የዘረጋ ለማኝ፤ ሸጋ ፎቶ ይወጣዋል።

ትርንጎ ዞረች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ በስልኩና በለማኙ መካከል ቆመች።

«ጠይቀሃል?» አለችው።

ወጣቱ ደነገጠ። «እኔ... ደግነትሽን ነበር...»

«ሂድ» አለች።

ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ከነጠላዋ ጀርባ ወዳለው ሰው ዞረች። ያን ሁሉ ወር ያጠራቀመችው ነገር ነበር፤ ስድብም፣ ጥያቄም፣ ናፍቆትም። ጎንበስ ብትል ይወጣ ነበር። ጉልበቱን ብትስም፣ ከዚያ ደጅ አብረው ተነሥተው ይሄዱ ነበር፤ አባቷም አዎ ይሉ ነበር። ይህን አወቀች። የኮሶዬንም የእጅ ውሃ አስታወሰች፤ ከመዳፉ ሞልቶ ሲፈስ፣ እሱም ዝም ሲል።

ዳቦውን እጁ ላይ አኖረች። ከሌሎቹ አላሳነሰችበትም፣ አላበለጠችለትምም።

«ስለ ሚካኤል» አለች።

«ስለ ሚካኤል» አለ እሱም፤ ድምፁ ለሷ ብቻ ተሰማ።

ወደ ቀጣዩ አለፈች። ከዚያም ወደ ቀጣዩ። መሶቡ ባዶ ሲሆን እናቷ ዘንድ ደረሰች። እታገኘሁ ከሩቅ ስታያት ኖራ ነበር።

«የቆምሽለት ሰው የምታውቂው ነው?» አለቻት።

ትርንጎ ወደዚያ አላየችም። «አላውቀውም እማዬ» አለች። «የማላውቀው ነዳይ ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ እንባዋ ቀደማት። እታገኘሁ ሁለተኛ አልጠየቀችም። የራሷን ነጠላ ጫፍ ሳበችና፣ ሰው እንዳያይ፣ የልጇን ፊት ሸፈነችላት።